አልከፈት ያለው ኤዲተር

ባለፈው ሳምንት በኮምፒዩተር ክፍል የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ለልምምድ ማስተማር የምናዘጋጀውን የሒሳብ መልመጃ በጊት ነው የምናስቀምጠው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ የፋይልን ለውጥ ደረጃ በደረጃ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። «ጊት ኮሚት» ብዬ ብጽፍ፣ ስለ ለውጡ ማስታወሻ የሚጻፍበት ኤዲተር አልከፈት አለ። በኤዲተሩ ላይ ችግር አለ የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ብቻ ወጣ።

እኔማ የቡድናችን ሥራ ጠፋ ብዬ ደነገጥኩ። ከእኔ በፊት የተቀመጠውን ጓደኛዬን «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት። ምንም ሳይመልስ ወጣ።

መምህራችን መጥተው «እስቲ ጊት ስታተስ በል» አሉኝ። ምን ልበላችሁ፣ ያዘጋጀሁት ሁሉ በቦታው አለ! ለካ ኤዲተሩ እንቢ ሲለው ጊት ኮሚቱን ይተዋል እንጂ የተዘጋጀውን አይነካም። «ሰረዝ ኤም» ጨምሬ ማስታወሻውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ስጽፍ ያለ ኤዲተር አለፈልኝ።

ጥፋቱስ? ትናንትናውን ማታ «ኮር ኤዲተር» በሚባለው ማስተካከያ ላይ አዲስ ኤዲተር ያስገባሁት እኔው ነበርኩ። አድራሻው ውስጥ «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚል አለ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍት ቦታ ስላለ ሙሉውን በጥቅስ ማጠር ነበረብኝ። አላጠርኩም። ጊት ደሞ «ፕሮግራም» ላይ ቆርጦ፣ የሌለ ነገር ፍለጋ ሄደ።

ማታ መኝታ ክፍል ይህንኑ ለጓደኛዬ ነገርኩት። «እሺ» አለኝ፤ ፊቱን ግን ከግድግዳው አላዞረም። የጮኽኩበት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም ሁላችሁ በምታነቡበት እዚህ ጻፍኩት።