ልጅዎ ሲንቀጠቀጥ፣ ሌላ ሰው በስልክ ይቅረጽ

«ዶክተር፣ ቤት ሳለ ጣለው፤ አሁን ግን ደህና ነው።» በዴሳ ስሠራ ይህን ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። ልጁ ጭናቸው ላይ ሆኖ ይጫወታል፤ እኔም ስመረምረው ምንም አላገኝም። እናትየዋ «ላያምኑኝ ነው» ብለው ይጨነቃሉ። እኔ ግን አምናቸዋለሁ። ምክንያቱን በአንበጣ ላስረዳችሁ።

የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው። ተመራማሪዎች የነፍሳትን ነርቭ ለመመዝገብ ብዙ ጊዜ ነፍሳቱን አንድ ቦታ አጣብቀው ይይዛሉ። የታሰረ አንበጣ ግን አይዘልም። በአሜሪካ ሂውስተን ይሠሩ የነበሩት ሀሌህ ፎቶዋትና ፋብሪዚዮ ጋቢያኒ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አንበጣ ጀርባ ላይ ትንሽ ገመድ አልባ መሣሪያ ጭነው ለቀቁት። አንድ ነገር ወደ እሱ እየቀረበ ሲመጣ፣ አደጋውን ለእግሮቹ የሚያደርሰው ነርቭ ምልክቱን ሲያፋጥንና እግሮቹ ለዝላይ ሲዘጋጁ አብረው ተመዘገቡ። ነርቩ ከድርጊቱ ጋር የታየው አንበጣው ነፃ ሲሆን ነው።

የልጅ አንጎልም እንዲሁ ነው። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ብዙ የአንጎል ሴሎች በአንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ምልክት ይለቃሉ፤ ካለፈ በኋላ ግን ልጁ ደህና ይመስላል። ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ምርመራ እንኳ በዚያች አጭር ሰዓት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ውጤቱ ንጹሕ ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም። ሐኪሙ ያላየውን የሚያሳየው ቤት ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጁ ሲንቀጠቀጥ፦

• በጎኑ አስተኙት፤ የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ አርቁ፤ ሰዓት ያዙ።
• ሌላ ሰው ካለ ፊቱን፣ እጁንና እግሩን በደንብ ይቅረጽ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ልጁ ይቀድማል።
• አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ በኃይል አትያዙት።

ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ትኩሳት ካለው፣ ካልነቃ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ፣ ቪዲዮ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ወባ ባለበት አካባቢያችን ትኩሳትና መንቀጥቀጥ አብረው ሲመጡ ወባው ወደ አንጎል ደርሶ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም።

ልጅ ላለው ሁሉ አጋሩት።