ሁለት ዓይነት ምረቃ

ከገጠር የመጣነው ብዙዎቻችን ምረቃ የሚለውን ቃል የሰማነው ጥቁር ካባ ከማየታችን በፊት ነው። በሰፈራችን አንድ አባወራ ተመረቀ ከተባለ፥ ስሙ ከሴፍቲኔት መዝገብ ወጣ ማለት ነው።

በመንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት የሚመራው ይህ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ደንቡ ግልጽ ነበር። ጉልበት ያለው ለእያንዳንዱ ቤተሰቡ በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፥ መንገድ ይጠርጋል፤ ለቀኑም 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ይቀበላል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይረዳል። ድካሙም ከንቱ አልነበረም፤ ወላጆቻችን ከካቡት እርከን ላይ እኛ ሣር አጭደናል።

የልማት ሠራተኛው እርከኑን በገመድ ይለካ ነበር፤ ስንዝር ብታጥር ያስፈርሳል። ቤተሰብ ራሱን መቻሉስ በምን ተለካ? በከብቱ ቁጥር! ከመካከላችን የአንዳችን እናት በብድር አንዲት ጊደር ገዙ። ጊደሪቱ ተቆጠረች፥ ዕዳው ግን አልተቆጠረም፤ እሳቸውም ተመረቁ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ ወጣ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በደንቡ አለ፤ እኒህ እናት በሄዱ ጊዜ ግን ሰሚዎቹ መዝገቡን የጻፉት ጎረቤቶቻቸው ሆነው አገኟቸው። ሰላምታ ሰጥተው ተመለሱ። ጊደሪቱም ለዕዳው ተሸጠች።