የልጆቻችን ልብስ የት ይቀመጥ?

የካኩማ ነዋሪዎች፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለትልቅ ስብሰባ የሚቀርብ አይደለም፤ ግን በየቤታችን አለ። ቁም ሣጥን በሌለበት አንድ ክፍል ውስጥ የልጆች ልብስ እንዴት ይቀመጣል?

እኛ ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው በጭቃ ጡብ ግድግዳና በቆርቆሮ ክዳን በተሠራች አንድ ክፍል ነው። መኝታውም ሳሎኑም እሷው ናት። ካምፑ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቤት ይህን የመሰለ ነው። በዚህ ቤት የልብስ ጠላቱ ብዙ ነው። ከታች ምስጥ አለ። ከላይ የቆርቆሮው ሙቀት አለ። ነፋስ ሲነሳ አቧራው በቀዳዳው ሁሉ ይገባል። አይጥም ብትሆን ለልጆቿ መኝታ የምትመርጠው የሕፃን ሹራብ ነው። ላጋው በጎርፍ ሲሞላ ደግሞ ለወንዙ ቅርብ በሆኑት ብሎኮች ውሃው እቤት ድረስ ይዘልቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልብሱን ከመሬት ማንሳት ነው። እኛ የአልጋውን እግሮች ጡብ ላይ አቆምናቸውና በሥሩ ሳንዱቅ የሚያስገባ ቦታ አገኘን። ሳንዱቁም ቢሆን መሬት አይነካም፤ ሁለት ጡብ ከሥሩ ገብቶለታል፣ ከግድግዳውም አንድ ጋት ያህል ርቋል። ምስጥ የሚወጣው በራሱ የጭቃ መንገድ ተሸፍኖ ስለሆነ፣ በጡቡ ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ከታያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጥረጉት። ሳንዱቅ መግዛት ያልተቻለበት ቤት ካርቶንም ይሆናል። ግን ካርቶን ለምስጥ ቀለቡ ነውና መሬት ላይ አይቀመጥ። የዘይት ጣሳ እየዘረጉ በርና ሣጥን የሚሠሩ ባለሙያዎች በካምፑ ውስጥ ስላሉ እነሱን ማነጋገርም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የግድግዳ ኪስ ነው። አንድ አሮጌ አንሶላ ላይ በባዶ የዱቄት ከረጢት አራት ትልልቅ ኪሶች ሰፋንበት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። ሚስማር በጭቃ ግድግዳ አይጸናም። ስለዚህ በአንሶላው ጫፍ ዱላ አስገብተን ከጣሪያው ወራጅ ላይ በሲባጎ አንጠለጠልነው። ኪሱ ውስጥ የሚገባው የሳምንቱ ልብስና ዩኒፎርም ብቻ ነው። ማንበብ ያልጀመረው ትንሹ ልጃችን እንዲለየው በእሱ ኪስ ላይ ቀይ ቁልፍ ሰፋንለት። አሁን ጠዋት ጠዋት “ሱሪዬ የታለ?” የሚለው ጩኸት ቀንሷል። ኪሱን ግን ከከሰል ምድጃና ከኩራዝ አርቁት፤ እሳት ከያዘው ቤቱ በሙሉ ነው የሚሄደው። ከረጢቱም የእህል እንጂ የተባይ መድኃኒት የነበረበት እንዳይሆን። አጎበርም ቀዶ ልብስ መቋጠሪያ ማድረግ አይገባም፤ ቦታው ከልጆቹ መኝታ በላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ልብሱ በደንብ ሳይደርቅ አይቋጠር። እርጥብ ልብስ በፌስታል ከታፈነ ይሻግታል። የኒም ዛፍ፣ እዚህ ሰው ሙዋሮባይኒ የሚለው፣ በየሰፈሩ አለ። ቅጠሉን ጥላ ሥር አድርቆ፣ በጨርቅ ቋጥሮ በልብሱ መካከል ማስቀመጥ ብልን ያርቃል። ልጆች ደግሞ ልብስና ጫማ ሳያራግፉ እንዳይለብሱ አስለምዷቸው። ጊንጥ ጨለማና ጠባብ ቦታ ይወዳል።

እዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው። ከባዱ የሻንጣው ነገር ነው።

በብዙ ቤት አንድ የማይነካ ሻንጣ አለ። ውስጡ ለጉዞ የተቀመጠ የልጆች ልብስ ነው። ልጁ “ልልበሰው” ሲል “ስንሄድ ትለብሰዋለህ” ይባላል። ፕሮሰሱ ይዘገያል፣ ኢንተርቪው ይደገማል፣ ልጁ ግን ያድጋል። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ከሁለት ዓመት በኋላ ብታወጣው በልጅቷ ትከሻ አልገባም አለ። “አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሰው” እያለች ቀሚሱን በእጇ ይዛ ስትገላብጥ አይተናል። በጥር 2017 (ጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የስደተኞች ሰፈራ ፕሮግራሟን ስታቆም፣ የበረራ ቀን ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች ጉዞም ተሰርዟል። ሻንጣ ዘግተው የነበሩ ቤተሰቦች መልሰው መክፈት ግድ ሆነባቸው።

በእኛም ቤት በዚሁ ጉዳይ ክርክር ነበር። አንዳችን “ሻንጣው አይነካ፤ በድንገት ብንጠራ ልጆቹን ምን አልብሰን እንወጣለን?” አልን። ሌላችን “እስክንጠራ ድረስስ ምን ይልበሱ?” አልን። ሁለቱም እውነት ነው። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ለጉዞ ይቀመጣል፤ እሱም በዓል በመጣ ቁጥር ይለካል፣ ካጠረ ለታናሽ ይተላለፋል፣ በሌላ ይተካል። የቀረው በሙሉ ይወጣል፣ ይለበሳል። የካርድና የወረቀት ፋይል በላስቲክ ተጠቅልሎ ከላይ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት ሻንጣው ራሱ የልጆቹ ቁም ሣጥን ሆነ።

ሻንጣው ሲከፈት ትልቋ ልጃችን፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቆማ ስታይ ቆየችና “እንግዲህ አንሄድም ማለት ነው?” ብላ ጠየቀችን። ቤቱ ዝም አለ። ልጅን መዋሸት አይገባምና “የምንሄድበትን ቀን አናውቅም፤ ነገ ግን ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፣ የምትለብሽው ያስፈልግሻል” አልናት። ሹራቡን አንስታ ለበሰችው። እጅጌው ልኳ ነበር።

አበው “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይላሉ። ተስፋችንን እንጣል ማለታችን አይደለም። የልጅ ልብስ ግን የሚለበስበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ሁሉንም አውጥታችሁ በሦስት ክፈሉት፦ አሁን የሚለበስ፣ ለታናሽ የሚቆይ፣ ለማንም የማይሆን። ሦስተኛውን አጥባችሁ አዲስ ለወለደች ወይም አዲስ ለመጣች ጎረቤት ስጡ። ቦታ ይገኛል፤ ቤቱም ይተነፍሳል።

እናንተም የምታውቁት ዘዴ ካለ ለቀጣዩ እትም ንገሩን።