ኪራይ የማይከፍሉ ጎረቤቶች

እናላችሁ፣ ግቢያችን ውስጥ ለአራት ወር ያህል ኪራይ የማይከፍሉ ነዋሪዎች ነበሩ። ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በተከራየሁት የጭቃ ቤት ግድግዳና ኮርኒስ መሃል ጥቅምት ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ። ክረምት ወጥቶ አደዩ ሲያብብ ቀፎ የጠበበው መንጋ ለሁለት ይከፈላል። የቆየችው አውራ ግማሹን ይዛ ትወጣለች፤ አሳሾቹ ቤት ፍለጋ ይሰማራሉ። እንደኛ ደላላ የለባቸውም። ያዩትን ቦታ እየጨፈሩ ለጓደኞቻቸው ያስረዳሉ፤ ብዙ ደጋፊ ያገኘው ይመረጣል። (ንብና ምርጫ ሲባል 1997 ዓ.ም. ትዝ ያላችሁ፣ አዎ፣ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረች። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።)

በነገራችን ላይ ይቺ «አውራ» የምትባል ቃል ትቆረቁረኛለች። እንቁላል የምትጥለዋን እናት በአውራ ዶሮ ስም መጥራት ምን ይሉታል? የሚሠሩትም የሚናደፉትም ሴቶቹ ናቸው። ድንጉላዎቹ መንደፊያ እንኳ የላቸውም!

አከራያችን እማማ መንጋው ሲገባ እልል ነው ያሉት። ንብ የገባበት ቤት ሲሳይ ገባበት ነዋ! ላሊበላ ሲወለድ ንብ እንደከበበው፣ ስሙም ከዚያ እንደመጣ አወጉን። ብልባላ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ውስጥ ስለሚኖሩት ንቦች፣ ማራቸውም ፈውስ ነው ስለመባሉ ጨመሩበት። እኔም ወደድኳቸው። ማታ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ እንደ ትራንስፎርመር እም ሲሉ ይሰማኛል።

ጥር ላይ ግን የጎረቤቴን የአምስት ዓመት ልጅ አንዷ ነደፈቻት። ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። መንደፊያውን በጥፍሬ ጠርጌ አነሳሁት (ቆዳ ላይ ከቀረም በኋላ ለጥቂት ጊዜ መርዙን መርጨቱን ይቀጥላል) እና በታክሲ ሐኪም ቤት በረርን። መርፌ ወግተው አተረፏት። «ሁለተኛ እንዳትነደፍ» አሉን። ከዚህ በኋላ ለአባቷ የሲሳይ ወሬ እንዴት ይነገረዋል? በማግስቱ ላምባ ይዞ መጣ። እማማ በነጠላቸው ወገባቸውን አስረው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

መሃል የገባሁት እኔ ነኝ። ጭድ በተቦካበት የጭቃ ቤት ላይ ላምባ! ደግሞስ ንቦቹ ግድግዳ ውስጥ ቢያልቁ ጠባቂ ያጣው ማር ይንጠባጠባል፣ እጩ ይበሰብሳል፣ ጉንዳን ይወርሰናል። የተቆጣች ንብ ስትናደፍ ደግሞ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትለቃለች፤ ሽታው ሌሎቹን ለጦርነት ይጠራል። አባትየው ሰማኝ። «አንድ ሳምንት» አለኝ። ልጅቷ ያን ሳምንት አክስቷ ዘንድ ሰነበተች።

ንብ አናቢው ከሱሉልታ የመጣው ሲመሽ ነው፣ ሁሉም ከሥራ ሲገቡ። አጨሰባቸው፣ ኮርኒሱን ገለጠ፣ የማር እንጀራውን እየቆረጠ አወረደ። አውራዋን አግኝቶ ቀፎው ውስጥ ሲያስገባት ሌሎቹ እየተግተለተሉ ተከተሏት። ለእማማ አንድ ጆግ ማር ትቶላቸው ሌሊቱን ቀፎውን ጭኖ ሄደ።

አሁን የቀረው የቀዳዳው ጸብ ነው። አናቢው «የሰሙ ሽታ ሌላ መንጋ ይጠራልና ድፈኑት» ብሏል። እማማ «የእግዜር እንግዳ በር አይዘጋበትም» ባይ ናቸው። ጎረቤቴ ሲሚንቶ ገዝቷል። እኔ ከሲሚንቶው ጋር መሆኔን ለእማማ ነገርኳቸው። ይኸው ሦስት ቀናቸው፣ ቡና አልጠሩኝም።