ጥገና ወይስ ሥር ነቀል? የአንዲት አሮጌ ኮሮላ ጉዳይ

ሰሞኑን ብዕሬ ዝም ማለቷን የታዘቡ ወዳጆቼ «ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» እያሉ ጠይቀውኛል። አልፈራሁም፤ ጋራዥ ነበርሁ። ለወትሮው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች ስለምጽፍ የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ቢያስገርማችሁ አልፈርድባችሁም። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ከለመድነው መንገድ ብዙም እንዳልራቅሁ ትረዱልኛላችሁ።

መኪናዬ ሁላችንም «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራት የቶዮታ ኮሮላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ተሠርታ፣ ከብዙ እጅ ወደ ብዙ እጅ ተዘዋውራ፣ በ1990 ዓ.ም መምህር የነበረው አባቴ ገዛት። አባቴ በ2009 ዓ.ም ሲያርፍ ሊብሬው ወደ እኔ ስም ዞረ። ሞተሯ ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ነው። ውስጧ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም፤ ሲከፋት በድምፅና በጭስ ትናገራለች።

መናገር የጀመረችው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ መውጣት ጀመረ። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ነው፤ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያመለክታል፤ ሰማያዊው ግን የሚቃጠል የሞተር ዘይት ነው። በየሺሕ ኪሎ ሜትሩ ከአንድ ሊትር በላይ ዘይት መጨመር ግድ ሆነብኝ። እኔም እንደ ብዙዎቻችን ዘይት እየጨመርሁ ነገሩን አድበሰበስሁት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር ለመንግሥት ደጋግሜ ጽፌአለሁ፤ ለራሴ ግን አልሰማሁትም።

ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የልብ ሕመምተኛ የሆነችው እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። የምትኖረው ፈረንሣይ ለጋሲዮን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ ነው። መኪናዋ በዝናብ ዳገቱን እያቃሰተች ጀመረችው፤ መካከል ላይ ስትደርስ ኃይል አጥታ ቆመች። ባስነሣትም እምቢ አለች። ከዚያ ወዲያ በእግሬ እየሮጥሁ ስደርስ የእናቴ በር ክፍት ነበር። አንድ ጎረቤት በራሱ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ወስዷታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ ዛሬ በሕይወት አለች። ነገር ግን ያ ክፍት በር እስከ አሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

በማግሥቱ ውሳኔ መወሰን ነበረብኝ። እንደ ተማረ ሰው ወረቀት አውጥቼ አማራጮቼን ጻፍሁ።

የመጀመሪያው አማራጭ መኪናዋን ሸጦ ሌላ መግዛት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ወዲያው ከአገሪቱ ፖሊሲ ጋር ይጋጫል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋው ላይ፣ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ማበረታቻ እንደተሰጠ አውቃለሁ፤ ሐሳቡንም አልቃወምም። ሆኖም የአንዷን ዋጋ ለደመወዜ ባካፍለው ስምንት ዓመት ሙሉ ሳልበላና ሳልጠጣ መቆጠብ እንዳለብኝ ተረዳሁ።

ሁለተኛው አማራጭ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር፣ ሦስተኛው ደግሞ ያለውን ሞተር አስፈትቶ እንደ አዲስ ማሠራት ነበር።

በመጀመሪያ የሄድሁበት ጋራዥ ዘመናዊ ነበር። ወጣቱ መካኒክ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ እየፈታ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እምቅታ ለካ። አንደኛው 128፣ ሁለተኛው 130፣ ሦስተኛው 90፣ አራተኛው 125 ፒኤስአይ አነበበ። ከዚያ በስልኩ የአምራቹን መመሪያ ከፍቶ «መሆን የነበረበት 175 ነው፤ አራቱም ሞተዋል» ሲል ፈረደ። መፍትሔው ሞተሩን መቀየር ብቻ እንደሆነም ነገረኝ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈ በመሆኑ መቀየሩ ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጋር የሚያመላልስ ጣጣ እንዳለው ስጠይቀው «ያልቃል» አለኝ። የሚገባው ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆንብኝ ፈራሁና ተመለስሁ።

እዚያው በር ላይ አንድ ደላላ ተጠጋኝ። «ዶክተር፣ ለምን ትቸገራለህ? ወፍራም ዘይት እንጨምርባታለን። ጭሱ ለአንድ ወር ይጠፋል። አሁን የነዳጅ መኪና ስለማይገባ አሮጌዋም ተፈላጊ ናት፤ በአንድ ሳምንት ትሸጣለች።» የሚዋሽ አልነበረም። ወፍራም ዘይት የተበላውን ክፍተት ለጊዜው ይሸፍናል፤ ጭሱን ይቀንሳል፤ ድምፁንም ያለሰልሳል። ምስጢሬን ልንገራችሁ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤበታለሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ተጠያቂነት የማስተምር ሰው፣ የሌላው ሰው እናት በሌላ ዳገት ላይ እንድትቀር የሚያደርግ ንግድ ሊያጓጓኝ መቻሉን ሳስብ አፈርሁ። ድህነት ክፉ መምህር ነው።

በመጨረሻ የአባቴን መካኒክ ፈልጌ ሄድሁ። ድሮ ጋራዣቸው ፒያሳ አካባቢ ነበር። በ2016 ዓ.ም አካባቢው ሲፈርስ ተነሥተው ዛሬ ከከተማው ዳር በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። እኚህ አዛውንት የሙያ ቋንቋቸው ጣልያንኛ ቀመስ ነው፤ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቶርኖ ይላሉ። ወራሪው ከሄደ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቢያልፍም ቃላቱ ጋራዣችን ውስጥ ቀርተዋል።

የወጣቱን ንባብ ያለበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። አይተው ፈገግ አሉ።

«ዶክተር፣ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው የት ነው?»

«ጃፓን ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ባሕር ዳርቻ ማለት ነው። እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ቀጭን ነው። 175 ብሎ የሚለካ ሞተር እኔ በዕድሜዬ አዲስ አበባ ላይ አላየሁም።»

ማታ ፊዚክስ የሚያስተምር ባልደረባዬን ጠየቅሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው አለኝ። 175ን በዚያ ብናባዛው 130 አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ ሦስቱ ሲሊንደሮች በአገራቸው መለኪያ ሲለኩ ደኅና ናቸው ማለት ነው።

ደስ ብሎኝ በማግሥቱ ገሠገሥሁ። «ጋሼ፣ እንግዲያው ሞተሩ ጤነኛ ነው!»

«አይደለም» አሉኝ። «ተራራው አራቱንም እኩል ነው የሚጎዳ። ሦስተኛው 90 የሆነው በተራራው አይደለም።»

አንባቢ ሆይ፣ በሃያ ዓመት የማስተማር ሕይወቴ ከሰማኋቸው ትንታኔዎች መካከል እንደዚህ ያለ ጥርት ያለ ጥቂት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አዛውንቱ በካንዴላው ቀዳዳ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት አፈሰሱና ዳግመኛ ለኩ። ንባቡ ከ90 ወደ 125 ዘለለ። ዘይቱ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለጥቂት ጊዜ ስለሚደፍን፣ ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ የሪንጉ ወይም የግድግዳው ነው፤ ባይነቃነቅ ኖሮ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠር ነበር። ደላላው ለማታለያ ያቀረበልኝ ዘይት በእኚህ ሰው እጅ እውነትን መፈለጊያ ሲሆን አየሁ።

ቴስታታው ተነሣ። የሦስተኛውን ሲሊንደር አናት በጥፍሬ እንድነካ አደረጉኝ። ጥፍር የሚይዝ እርከን አለ። ሪንጉ የማይደርስበት የላይኛው ጠርዝ እንደ ጥንቱ ሲቀር፣ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ተበልቷል። ቶርኖ ቤት ሲለካ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ተበልቶ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ሆኗል። «ሪንግ ብቻ ብንቀይርስ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ርካሹ እሱ ነበርና። «አዲስ ሪንግ ክብ ነው፤ ሞላላ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። በስድስት ወር ተመልሰህ ትመጣለህ» አሉኝ። ክራንክሻፍቱ ግን ተለክቶ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ብሎኩ ስንጥቅ የለውም። ቴስታታው በጥቂቱ ስለተጣመመ መላግ ብቻ ያስፈልገዋል።

«ለምን ሦስተኛው ብቻ?» አልኋቸው። የአየር ማጣሪያውን አንሥተው ቅዳጁን አሳዩኝ። «አቧራ ገብቷል። ደግሞ ዘይት ጎድሎባት ነድተሃታል። አንዱ ቀድሞ ይጎዳል፤ ብትቆይ ሌሎቹም ይከተሉ ነበር።» መልስ አልነበረኝም።

ወጪው ከአምስት ወር ደመወዜ በላይ ነበር። ለልጄ ትምህርት ያስቀመጥነው ገንዘብ መነካት ነበረበት። ባለቤቴ ጉዳዩን ጸጥ ብላ ሰምታኝ «እናትህን የምታደርስ መኪና ናት ወይስ የአባትህ መታሰቢያ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሴ መታሰቢያ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ባልነካነው። የምታደርስ መሆኗን ልኬቱ ስላረጋገጠልኝ «የምታደርስ ናት» አልኋት። ተስማማን። አራቱም ሲሊንደሮች በእኩል 0.50 ሚሊ ሜትር እንዲሰፉ፣ አዲስ ፒስተንና ሪንግ እንዲገባላቸው፣ ቫልቮቹ እንዲሞረዱ ተወሰነ። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሁለት ቅዳሜ ተንከራትቼ ሰበሰብሁ።

አሁን ወደ ልማዳችን እንመለስ። በየካቲት 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መጨመር የተነሣ አድማ ሲመቱ አባቴ ወጣት ነበር። በዚያ ዘመን «ጥገናዊ ለውጥ» ስድብ፣ «ሥር ነቀል» ደግሞ ምስጋና ነበር። ከሥር የነቀልነውን ምን እንዳደረግነው ታሪክ ይናገራል። በዚህ የተነሣ የእኔ ትውልድ ብዙ ምሁራን፣ እኔም ጭምር፣ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደን ጥገናን ያለ ልኬት የምናወድስ ሆንን። በ2010 ዓ.ም ለውጥ ሲመጣም ግማሻችን ሁሉም ይነቀል፣ ግማሻችን ዘይት ይጨመርበት ነበር የምንለው። ቴስታታው ተነሥቶ ይለካ ያለ ጥቂት ነው።

ሁለት ዓይነት ስሕተት እንሠራለን። አንዱ የወጣቱ መካኒክ ነው፤ በባሕር ዳርቻ የተጻፈውን መመሪያ ተራራ ላይ አምጥቶ ሁሉም ሞቷል ብሎ ይፈርዳል። ሌላው በማግሥቱ ደስ ብሎኝ የገሠገሥሁት እኔ የሠራሁት ነው፤ «የእኛ ሁኔታ ልዩ ነው» በሚል ከፍታውን ለጉድለታችን ሁሉ ማመካኛ እናደርገዋለን። የመሬቱ ከፍታ የአራቱን ዝቅታ ያስረዳል፤ የሦስተኛውን መበላት ግን አያስረዳም። ድህነታችንና ታሪካችን ብዙ ነገር ያስረዳሉ፤ የታሰረ ጋዜጠኛን ወይም የተሰረቀ በጀትን ግን አያስረዱም።

ንጽጽሩን ግን አላብዛው፤ አገር ሞተር አይደለችም። ሞተር ጠፍቶ፣ ተፈትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይሠራል። አገር እየሄደች ነው የምትጠገን፤ ሲሊንደሮቿም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልኬቱ ከጋራዡ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ አይቀርም።

ኮሮላዋ ከተነሣች ሦስተኛ ወሯ ነው። አዛውንቱ ሲያስረክቡኝ «የመጀመሪያውን ሺሕ ኪሎ ሜትር አታስጩሃት፣ በከባድ ማርሽም አታስጨንቃት፤ ዘይቱን ቶሎ ቀይርላት። ሪንጉና ግድግዳው ገና እየተዋወቁ ነው» አሉኝ። ታዘዝሁ። ሰማያዊው ጭስ ጠፍቷል። የባንክ ደብተራችን ሳስቷል፤ ልጄም ይህን ታውቃለች።

ባለፈው እሑድ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ወሰድኋት። በዚያው ዳገት፣ በዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ሳላውቀው መሪውን አጥብቄ ያዝሁ። መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ወጣች። እናቴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራችልኝ ነበር፤ ምንም አላስተዋለችም።

ቸር እንሰንብት።