ቀብድ ከመክፈልህ በፊት

ጎንደር፣ ፒያሳ

ይድረስ ለልጄ፦

እንደምን ሰነበትህ አልልህም፤ ገና ከቤት ሳትወጣ ነው የምጽፍልህ። እናትህ በሶህንና ዳቦ ቆሎህን ስትቋጥር፣ እኔ ይህችን ወረቀት በሻንጣህ ኪስ እከታታለሁ። በቃሌ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ያ ጓደኛህ ካጠገብህ አልለይ ቢለኝ ዋጥሁት።

ነገሩ የመኪናው ነው። አዲስ አበባ ገብተህ ታክሲ ልሥራ ማለትህ ደስ ብሎኛል። የዕቁቡ ብርም ያንተው ነው፤ ላብህ ነው። ግን ገና ሳትሄድ «ከቶዮታ ሌላ መኪና የለም» ብለህ ምለሃል። ይህ ቃል ያንተ አይደለም፤ ከማን አፍ እንደወጣ አውቃለሁ። ጓደኛህ ሊያስገዛህ የሚሯሯጥለት ኮሮላ ዕድሜው ከዕድሜህ ይበልጣል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ ደላላው ሁሉ «አሁን ካልገዛህ ኋላ አታገኝም» እያለ ዋጋ ይሰቅላል። አደራህን፣ ሌላ ሳታይ ቀብድ እንዳትከፍል።

ቶዮታ ክፉ ነው አላልሁም። ክረምት ከበጋ ዳባት ያመላለሰን እሱ ነው፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። እኔን ያስፈራኝ መማልህ ነው። መኪና ይታያል፣ ይሞከራል፣ ይጠየቃል እንጂ አይማልበትም። እግዜር ልብህን ሰፊ ያድርግልህ።

ባልንጀራዬን ታስታውሰዋለህ። በፊያት 682፣ እኛ ኤንትሬ በምንለው፣ ሊማሊሞን አብረን ስንት ጊዜ ወርደናል። ረዳቱ ታኮውን ታቅፎ በሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ እኛ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተሳልን። ያ መኪና ለሱ ወንድም ነበር። አይሱዙ ሲመጣ «ቆርቆሮ!» ብሎ ሳቀ። ጭነቱ ግን ወደ ቆርቆሮው ሄደ፤ ፈጣን ነው፣ ነዳጅም አይጠጣ። የሱ ኤንትሬ አዘዞ ቆማ ባሌስትራዋ ተነቅሎ ለሌላ ተሸጠ። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ልጆቹንም ታውቃቸዋለህ። አንድ ቀን እጁን ይዤ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ባስቀምጠው ኖሮ እያልሁ ሌሊት ሌሊት ይቆጨኛል። ነፍሱን ይማር።

ባጃጅስ? በሦስት ጎማ የጎንደርን ዳገት አይወጣም ተብሎ አልነበር? ዛሬ እናትህን ከፒያሳ ማራኪ የሚያመላልሳት ማን ነው?

ባለፈው የእህትህ ባል በዚያች የኤሌክትሪክ መኪና አዘዞ ድረስ ወሰደኝ። «አስነሣት እንጂ» ብለው «ተነሥታለች አባባ» አለኝ። ሞተር እያዳመጥሁ በሽታውን የምናገር ሰውዬ ጆሮዬ ሥራ ፈታ። ሲመለስ መሪውን ሰጠኝ፤ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ይፈልጋል፣ ቀኝ እጄ ካምቢዮ ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሉም። እሱ ይስቃል። ቁልቁለቱን ስንወርድ እግሬን ከመርገጫው ባነሣሁ ቁጥር መኪናዋ ራሷን ትይዛለች፣ የወረድንበትም ጉልበት ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሊማሊሞ ትዝ አለኝ። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የዱሮው ናፍጣ ሞተር ጭነት ይዞ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህች ግን አየር አትለምንም።

ነዳጁ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ እዚህ በሀይላንድ ተቀድቶ ስንት እንደሚሸጥ አይተሃል። መብራቱ ከአገራችን ወንዝ ነው፤ ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አብረን አይተን የለም? በርግጥ መብራትም ይጠፋል። ቻርጅ ማድረጊያ ከተማ ውስጥ ብታገኝ፣ ወደ እኛ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ግዛ ብዬም አልምልብህም። የምትሠራበትን መንገድና የምትከፍለውን ዕዳ አይተህ ምረጥ።

ሰው ሲያረጅ ዐይኑ ይጠባል ይላሉ፤ አንተ በወጣትነትህ አታጥብበው። አፄ ምኒልክ፣ ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ሲያስገባላቸው፣ 60 ዓመት አልፏቸው ነበር። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ በቅሎዬ ትበቃኛለች አላሉም፤ መንዳት ተማሩ።

ሌላው ቀላል ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የቻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር። የኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪውን አስመርምር፣ ዋጋው እሱ ነውና። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነም የሚያነብልህ ፈልግ። ሌላም ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። በጊዜ ብላ፣ ሌሊት አትሥራ።

ጓደኛህን ጠልቼው አይምሰልህ፤ እናቱ ለኛ ያደረገችውን አልረሳም። አብራችሁ ብሉ፤ ብሩን ግን አንተ ቁጠረው።

የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ይከተሉህ። እንቅፋት አይምታህ፣ ክፉ ዐይን አይይህ፣ የያዝኸው ይባረክልህ። ዓለሜ፣ ከፊትህ ያለው ሁሉ ይቅናህ። የምትገዛው ምንም ይሁን ምን፣ ጎንደር ይዘኸው ስትመጣ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እናትህ ከኋላ ትሁን፣ ነግሬያታለሁ።

አባትህ