የወሩ ወሬ ከሁለት ትምህርት ቤት

  

ሞራችን በየወሩ አንድ ሰው ለጋዜጣው እንዲጽፍ አዝዛለች፤ በዚህ ወር ተራው የኔ ሆነ። እኔ የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ በእጄ ጽፌ ፊደሉን አንዲት ጎረቤቴ አርማልኛለች። ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ የመጣልኝ የትምህርት ቤት ወሬ ነው። በየወሩ ከሁለት ትምህርት ቤት ወሬ ይደርሰኛልና። አንዱ ከአገር ቤት፣ ከደምቢያ ነው። ሁለተኛው ልጆቼ እዚህ ከሚማሩበት ነው። የሁለቱ ወሬ አመጣጥ ግን አይመሳሰልም፤ ልነግራችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

አገራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደምቢያ ከጣና በስተሰሜን ያለ ሜዳ ነው። ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆንና እግር አያስነቅልም፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ወባው ይመጣል። የኛ መንደር ከቆላ ድባ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ትምህርት ቤቱ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው የጭቃ መደብ። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በ1991 ጦርነቱ ጎንደር ደረሰና ተዘጋ። በኋላ ሲከፈት ወንድሜ ተመለሰ። እኔ “አንቺማ ደርሰሻል” ተባልኩና ቤት ቀረሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ባልሄድም ትምህርት ቤቱ እኛ ቤት መጣ። አዲስ የተመደበው መምህር ማደሪያ ስላልነበረው አባቴ አንዷን ጎጆ አከራየው። መምህሩ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ለመቀበል ቆላ ድባ፣ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ያን ጊዜ ደመወዝ በእጅ ተቆጥሮ ነበር የሚሰጥ። ሲመለስ ጠመኔ ይዞ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ፣ ወሬ ይዞ ይመጣል። እሱ ለአባቴ ሲነግረው እኔ ቡና እቆላለሁ። እንግዲህ የወረዳውን የትምህርት ወሬ ከቀበሌው ሰው ሁሉ ቀድሜ የምሰማ እኔ ነበርኩ፣ ከትምህርት የቀረሁት ልጅ።

ወሬው ምን ነበር? መጽሐፍ መጣ አልመጣም፤ ከመጣም አንዱ ለሦስት ልጅ ነው። እገሌ የሚባለው መምህር ዝውውር አገኘ፤ በሱ ፈንታ ሰው አልተተካም። ወባው ስለበረታ የፈተናው ቀን ተገፋ። በ1994 አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ወጣ ብሎ መጣ። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ይሆናል፣ ልጅ በአፍ መፍቻው ይማራል አለ። አባቴም “ታዲያ የኛ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ሊሆን ነው?” ብሎ ጠየቀው። መምህሩ ሳቀና “ፖሊሲው ስምንት ይላል፣ ቤቱ ግን አራት ነው” አለው። ይቺን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ወሬው እኛ ቤት አይቀርም። በገበያ ቀን ሰው ሲመለስ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ካለችው ዋርካ ሥር ይቆምና ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነባል። ፊደል የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል ይሰማል። ሰምቶም ዝም አይልም፤ መልስ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ለአዲስ ክፍል መሥሪያ እያንዳንዱ አባወራ ሁለት ሁለት አጣና ያምጣ የሚል ተነበበ። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና “እዚህ ሜዳ ላይ አጣና የት አለና ነው? ይህን የጻፈው ሰው አገራችንን አይቶት ያውቃል?” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ግን እውነታቸውን ነበር፤ ከዚያች ዋርካ በቀር ይህ ነው የሚባል ዛፍ አልነበረም። መምህሩ ያሉትን በወረቀቱ ጀርባ ጻፈና በሚቀጥለው ወር ይዞት ሄደ። እንጨት የሌለው ጭቃ ያቡካ ተባለ፤ ክፍሉም ተሠራ።

አባቴ ደግሞ በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ይቀበለውና በጣቱ እየተከተለ እንደገና ራሱ ያነበዋል። መምህሩን ጠርጥሮት አይደለም፤ ይወደው ነበር። ግን እንዲህ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኡልፓን ውስጥ ሞራችን የነገረችን ነው። በ1955 አሥራ ሁለት፣ በ1956 ደግሞ አሥራ አምስት የቤተ እስራኤል ልጆች ወደዚህ አገር መጥተው ክፋር ባትያ በሚባል የወጣቶች መንደር ተምረዋል። ከነሱም መካከል ወደ አገር ቤት ተመልሰው እንደ አምቦበር ባሉ መንደሮች ያስተማሩ አሉ። እኛ ሳንወለድ ከዚህ ወደዚያ የትምህርት ወሬ ይዘው የሄዱ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ገርሞኛል።

አሁን በዚያ በኛ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የወንድሜ ልጅ ነው። ኔትወርክ ካለ በወር አንድ ቀን እደውልለታለሁ። ደመወዝ በባንክ ስለሚገባ ለደመወዝ ብሎ ቆላ ድባ የሚሄድ ሰው የለም፤ ትእዛዙም በቴሌግራም ነው የሚመጣለት። ዋርካዋ ሥር ማንም አይሰበሰብም። በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ በየዜናው ሰምታችኋል። የኛም አንድ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ከርሟል። ሲከፈት ከተማሪው ግማሹም አልመጣ። “አክስቴ፣ ጥቁር ሰሌዳው አለ፤ ልጁ ነው የሌለው” አለኝ። ሰባተኛ ክፍል የነበረች አንዲት ጎበዝ ልጅ ስሟ ሲጠራ ጓደኞቿ “አግብታለች” ብለው መለሱለት። እኔም “ደርሰሻል” የተባልኩበት ቀን ትዝ አለኝና ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እሱ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት “ሃሎ፣ ሃሎ” ይላል።

ወዲህ ወደኛ ልመለስ። እዚህ የትምህርት ቤት ወሬ የሚመጣው በልጅ ቦርሳ ነው። ሆዳዓ ይሉታል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን ጀምሮ ስንት ሆዳዓ እንደመጣ ቆጥሬ አልዘልቀውም። የወላጆች ስብሰባ፣ ለቲዩል የሚከፈል ገንዘብ፣ የክትባት ወረቀት፣ ነጭ ሸሚዝ የሚለበስበት ቀን፣ ቅማል ተገኝቷልና ራስ ይታይ የሚል ሳይቀር። ደግ ነው፤ ሁሉን መናገራቸውን አልነቅፍም። ግን ይህን ሁሉ የምታነበው አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጄ ናት። የባንኩን ታነባለች፣ የቁፓት ሖሊሙን ታነባለች፣ የወንድሟን ሆዳዓም ታነባለች፤ ከዚያ የራሷ የቤት ሥራ አለባት። ደክሟት ስታነብ ከአሥር መስመር ሁለቱን ትነግረኛለች። አልፈርድባትም። ይህ ሸክም የልጅ ሸክም አይደለም እኮ።

ታዲያ ከሐኑካ በኋላ ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጄ አንድ ወረቀት አመጣ። እኅቱ አየት አደረገችውና “እማዬ፣ ፈርሚ ብቻ፤ ምንም አይደለም” አለችኝ። እኔም “ምንም ካልሆነ ፊርማዬን ለምን ፈለጉት?” አልኳት። ከታች የመፈረሚያው መስመር ይታየኛል፤ ሐቲማ የሚለውንም ቃል ኡልፓን ተምሬዋለሁ። የልጄንም ስም በዕብራይስጥ ለየሁት። የቀረውን አላወቅሁትም። አጥፌ ትራሴ ሥር አኖርኩትና ጠዋት ወደ መገሼሬቷ ይዤው ሄድኩ፤ ይቺ በትምህርት ቤቱና በኛ መካከል አገናኝ የሆነችው እኅታችን ማለቴ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ አታሳጥሪው አልኳት።

ወረቀቱ ልጁ ኢቭሁን የሚባለውን ምርመራ ይደረግለት ዘንድ እናቱ ትፍቀድ የሚል ነበር። እንደ ውጤቱ ወደ ኪታ ክታና፣ ወደ ትንሿ ክፍል ሊዛወር ይችላል ይላል። ትንሿ ክፍል መጥፎ ናት አልልም፤ የሚያስፈልገው ልጅ አለ፣ እዚያ ገብቶ የተጠቀመም ልጅ አውቃለሁ። ግን የኔ ልጅ ወደዚህ አገር ከመጣ ስምንት ወሩ ነበር። በአማርኛ ሂሳብ ጠይቁት፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሳንቲም ከኔ ቀድሞ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጠርቶኝ ስሄድ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ምርመራው በምን ቋንቋ ነው? ወደ ትንሿ ክፍል ከገባ በኋላ መመለሻ አለው ወይ? እስኪለምድ አንድ ዓመት ብንጠብቅስ? አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፤ በጥሞና ሰማችኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ወዲያው የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። እኔም መልሱ ሳይመጣ አልፈርምም ብዬ ወረቀቱን ባዶውን መለስኩ። አማርኛ የሚያውቅ መርማሪ እንፈልጋለን ተብሎ ከፋሲካ በኋላ ተቀጥሬአለሁ። እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ነው ኡልፓኑ ወደ ኢየሩሳሌም ቲዩል የወሰደን። በራከቬቱ ያፎ መንገድ ላይ ሄደን ዳቪድካ ወረድንና በእግር ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ገባን። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፤ በአንዳንዱ ቤት በር ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። የክርስቲያኖቹ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ጊዜ አለቀ አሉን። እኛ አልገባንም፤ ከበሩ ላይ ግን በኛ ፊደል ተጽፎ አየሁ። ስንት ወር ሙሉ ታቤላ በታቤላ ሳይነበበኝ ስሄድ ኖሬ፣ በኢየሩሳሌም መካከል ፊደሉን ስለየው ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ሞራችን ግን ያቆመችን ለዚያ አልነበረም። ከዚያው መንገድ ላይ ያለ አንድ ቤት አሳየችን፤ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ነው። በ1881 ወደዚህ አገር መጥቶ፣ በቤቱ ከዕብራይስጥ ሌላ አይነገርም ብሎ፣ በ1882 የተወለደውን ልጁን በዕብራይስጥ ብቻ ያሳደገ ሰው ነው። በሱ ቤት ቋንቋው ከአባት ወደ ልጅ ሄደ፤ በኛ ቤት ከልጅ ወደ እናት እየመጣ ነው፤ እኔና ጓደኛዬ በዚህ ተሳሳቅን። በ1884 ደግሞ ሀጽቢ የሚባል ጋዜጣ አወጣ። ኢቶን የምንለውን ቃል ራሱን፣ ሚሎን የምንለውንም የፈጠረው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ዕብራይስጥን የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ እንጂ የቤት ቋንቋ የሚያደርገው ሰው እምብዛም አልነበረም። እሱ ግን የዕለት ወሬን በዚሁ ቋንቋ ጽፎ ለሰው ሰጠ።

ከዚያ ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ለሞራችን አንድ ሐሳብ ነገርኳት። ይህ የኛ ኢቶን በወር አንድ ጊዜ ይወጣል። ከገጹ አንዱ የትምህርት ቤቶቹን ሆዳዓ በአማርኛ ያውጣ። አማርኛም ለማንበብ የሚቸገር ብዙ ሰው አለ፤ ስለዚህ ገጹ በወጣ በመጀመሪያው እሁድ ማታ ሞአዶን ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብበው። የሚነቅፍ ይንቀፍ፣ የሚጠይቅ ይጠይቅ፤ የተባለው በወረቀቱ ጀርባ ተጽፎ በመገሼሬቷ እጅ ለትምህርት ቤቱ ይመለስ። ሞራችን ተስማማች። መገሼሬቷም እኔ አነባለሁ ብላለች።

ስለዚህ የዚህ ወር ወሬ ይኸው። ከደምቢያ፤ የወንድሜ ልጅ እንዳለው አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በአንድ ላይ ይማራሉ፤ ከቀሩት ሴቶች ልጆች ሁለቱ ተመልሰዋል፤ ያቺ ያገባችው አልተመለሰችም። ከዚህ፤ የወላጆች ስብሰባ በሚመጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባቶችም ተጠርታችኋል፣ እናቶችን ብቻ አትላኩ። ሦስተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ የፊርማ ወረቀት ደርሷችሁ ያልተነበበላችሁ ካላችሁ እሁድ ማታ ይዛችሁት ኑ። እኔም የኔን ይዤ እመጣለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።